ዋቢ ቁጥር ሃያ ሦስት

አሥር ሰዓት ሲሆን ይመሻል ታርቱ ላይ፤
ወንዙ ነጭ አጥንት ነው፣ እርሳስ ነው ሰማይ።
መነጽሯን በሹራቧ ጫፍ ወልውላ አጥርታ
ማይሬ ቁጭ አለች ወንበር አስጠግታ።
ሌላው ሰው ጽሑፍን ከራስጌ ያነባል፤
እሷ ከግርጌ ነው፤ ዋሱ እዚያ ይገኛል።

እዚህ ቤት ሕግ አለ፤ ፊደል ተራ አይሰጥም፤
ሹመትና ሽበት ወንበር አያስለቅቅም።
ቀድሞ የተጠራ እሱ ነው አንደኛ፣
ሊቁም ከዘገየ ሠላሳ ሰባተኛ።
አንዴ ቁጥር ያገኘ በቁጥሩ ይኖራል፤
አሥሬ ቢጠሩት ያንኑ ይመልሳል።
ስሙ ከግርጌ ነው፤ ከላይ፣ በቃሉ ጫፍ፣
ቁጥሩ ብቻ ይታያል፣ የትንኝ ያህል ክንፍ።

ታኔል የላከው ነው የዛሬው ወረቀት፤
ወጣት ነው፣ ሐኪም ነው፣ አያውቅም ዕረፍት።
ስለሚቃጠል ድንጋይ፣ ስለ ማዕድን አቧራ፣
ሳንባ ውስጥ ስለሚቀር ስለ ጥቁር አሻራ፤
አርባ አንድ ዋቢ ጠርቶ አሰልፏል ከኋላው፤
ማይሬ ስም ጠራች፤ "አቤት" አለ ያለው።
አራት፦ አለ። አሥራ ሁለት፦ ዓመቱ ተሳስቷል።
አሥራ ዘጠኝ፦ ነጠላ ሰረዝ ጎድሎታል።
ሃያ ሦስት፦
"ኡይቦ ሄ"፤ ስድሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት፤
ከስሟ የተረፈ አንዲት ፊደል፣ ሌላው ጥፋት።
ገጽ ሁለት መቶ ዐሥራ አንድ።

ምድር ቤት ወረደች፤ አቧራውን እፍ አለች፤
ገጹ ተገልብጧል፤ መቶ ዐሥራ ሁለት ላይ አገኘች።
ሄልዩ ነው ስሟ፤ ኮህትላ በሚባል ከተማ
የሌሊት ተረኛ ሆና፣ ሳል ስትሰማ፣
ዘጠና አራት ደረት ላይ ጆሮዋን ጥላ
ትንፋሽ ቆጥራለች ደብተሯ እስኪሞላ።
ከሰንጠረዡ ግርጌ በእርሳስ የተጻፈች
"ሰባ አንደኛው ወንድሜ ነው" የምትል መስመር አለች።

ወደ ላይ ስትመለስ ሌላ ረቂቅ መጥቷል፤
ታኔል ሊያሳጥር ብሎ አንድ ዋቢ ቆርጧል።
ሃያ ሦስት የለችም።
አግዳሚ ላይ ሰው ሲነሣ እንደሚጠጋጉት
ከኋላ ያሉት ሁሉ ገፋ ገፋ አሉና ሸፈኑት።
ቃሉ ግን እዚያው አለ፣ ያለ ዋስ ቆሞ፦
"ሳሉ ሳይመጣ ትንፋሽ ያጥራል ቀድሞ።"

በኅዳጉ ጻፈች፦ "ይህን ማን ነው ያለ?"
"ሁሉም የሚያውቀው ነው፤ ምን ጥያቄ አለ?"
ሻዩዋ ቀዝቅዟል። ጨለጠችና እንዲህ
አለችው፦ "'ሁሉም' የሚባል ደራሲ የለም እዚህ።
ዓመት የለው፣ ቅጽ የለው፣ ገጽ የለው፣
ሌሊት ተነሥቶ ደረት ያላዳመጠ ሰው!
ሁሉም ሳያውቅ በፊት አንዲት ሴት አውቃለች፤
ገጽ መቶ ዐሥራ ሁለት፣ ምድር ቤት አለች።"

ሁለት ቀን ዝም አለ። በረዶው ጨመረ።
በሦስተኛው ማለዳ አዲስ ረቂቅ ደረሰ፤
ያ ቃል ከመሀል ወጥቶ መግቢያው ላይ ሰፍሯል፣
ከጎኑ አኃዝ ቆሟል፦
አንድ።

ሰበብ የለም፣ ይቅርታ የለም፤ አኃዝ ብቻ።
አርባ ሊቅ ተነሥቶ አንድ አንድ ወንበር ሸሸ፤
ማይሬ ስትነጫነጭ፣ ስትሰርዝ መሸ።
አንባቢ አያያትም፤ ዓይኑ ያልፋታል፤
የትንኝ ክንፍ ናት፤ ማን ትንኝ ይቆጥራል?
ሰባ አንደኛውማ ከዝርዝሩ የለም፤
ለታማሚ ዋቢ ሕጉ አልደነገገም።

መብራቱን ከማጥፋቷ በፊት፣ አንዴ ደግማ፣
ገጹን አየች። መቶ ዐሥራ ሁለት።
ልክ ነው።